ዳግም ፈተና በካምፓላ

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ነጥቦች ላይ ተወያዩ። አንድን ሥራ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ የኖረ ሰው በዚያው ሥራ ተፈትኖ ሊወድቅ የሚችለው በምን ምክንያት ይመስላችኋል? በአካባቢያችሁ የሚገኙ ሾፌሮችና ጥገና ሠራተኞች የመኪና ክፍሎችን በምን በምን ስም ይጠሯቸዋል?

ምንባብ

ኡጋንዳ እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ የባሕር በር የላትም። ከውጭ የሚገባላት ነዳጅ፣ ብረትና ማዳበሪያ፣ ወደ ውጭ የምትልከውም ቡና በአብዛኛው የሚመላለሰው በኬንያ ጠረፍ በሚገኘው በሞምባሳ ወደብ በኩል ነው። ከሞምባሳ የተነሣ ከባድ መኪና ናይሮቢን ያልፋል፤ በማላባ ወይም በቡሲያ በኩል ድንበሩን ይሻገራል፤ ከዚያም ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣባት በጂንጃ ከተማ፣ በ2018 እ.ኤ.አ. በተመረቀው 525 ሜትር ርዝመት ባለው ድልድይ ላይ አልፎ ካምፓላ ይደርሳል። የጉዞው ርቀት ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ በካምፓላ አያበቃም፤ በማሳካና በምባራራ በኩል ቀጥሎ እስከ ሩዋንዳ ይዘልቃል። ስለዚህ በካምፓላ የከባድ መኪና ሾፌርነት ተፈላጊ ሙያ ነው።

የሙያው መግቢያ በር ግን ፈተና ነው። በኡጋንዳ መንጃ ፈቃድ በመደብ የተከፈለ ሲሆን፣ ለሞተር ብስክሌት «ኤ»፣ ለቀላል መኪና «ቢ»፣ ለመካከለኛ የጭነት መኪና «ሲ ኤም»፣ ለከባድ የጭነት መኪና ደግሞ «ሲ ኤች» የተባሉት ፊደላት ተለይተው ተሰጥተዋል። በዝቅተኛው መደብ የሚነዳ ሰው ወደ ከፍተኛው ለማለፍ ቢፈልግ ተምሮ መፈተን አለበት። ፈታኞቹ የፖሊስ የተሽከርካሪ መርማሪዎች ናቸው።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ምሳሌ ይወሰድ። ከኢትዮጵያ ሄዶ በካምፓላ የሚኖር፣ ዕድሜው ወደ ሠላሳ አምስት የተጠጋ ሾፌር ይታሰብ። የሚኖረው ብዙ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን በሚገኙበት በካባላጋላ ሰፈር ነው። በአገሩ ሳለ ከአዲስ አበባ ሻሸመኔና ሐዋሳ ድረስ በአይሱዙ መኪና እህልና አትክልት ሲያመላልስ ስምንት ዓመት ቆይቷል። በካምፓላ አንድ የጭነት ባለንብረት «ሲ ኤች» የሚለውን መደብ ይዞ ከቀረበ ተሳቢ ያለው መኪና እንደሚያስረክበው ነግሮታል። ሾፌሩ ባለትዳር ነው፤ የሁለት ልጆችም አባት ነው። በሰው መኪና ላይ በቀን ሒሳብ እየሠራ የቤት ኪራይ መክፈልና ልጆች ማስተማር አልሆነለትም። ስለዚህ ለፈተናው የተመዘገበው በታላቅ ተስፋ ነበር። ዝግጅት ግን አላደረገም። ስምንት ዓመት የነዳ ሰው ምን ያዘጋጀዋል?

ፈተናው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ገና ከመነሻው፣ ወደ ዋናው መንገድ ሊገባ ሲል ፍሬቻ ለማብራት አስቦ ማንሻውን ቢነካ፣ ፀሐይ ጥርት ባለችበት ሰዓት የዝናብ መጥረጊያው ከመስታወቱ ላይ ወዲያና ወዲህ ይል ጀመር። መፈተኛው መኪና መሪው በቀኝ በኩል የሆነ የጃፓን ሥሪት ስለ ነበር፣ የፍሬቻው ማንሻ በቀኝ፣ የመጥረጊያው በግራ ነበረና ነው። ፈታኙ ምንም አልተናገረም፤ በያዘው ወረቀት ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ሾፌሩም ደነገጠ። ሁለት መስቀለኛ መንገዶችን በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ላይ ወደ ግራ እንዲታጠፍ ታዘዘ። መሪውን ሲያዞር ከመኪናው ግራ ጎን ጩኸት ተሰማ፤ ፈታኙም «ስቶፕ!» አለ። አንድ ሞተር ብስክሌት ነጂ፣ ከኋላው አንዲት ሴት ተማሪ አፈናጦ፣ በመኪናው ጎንና በእግረኛው መንገድ ጠርዝ መካከል ሊጣበቅ አንድ ክንድ ያህል ሲቀረው ቆሞ ነበር። ልጅቱ ደብተሯን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛ ነበር። ማንም አልተጎዳም። ፈተናው ግን በዚያው አበቃ።

ሾፌሩ መውደቁን ለሚስቱ ሳይነግር ሁለት ቀን ቆየ። በመጀመሪያው ቀን ጥፋቱ የመኪናው ነው አለ፤ በሁለተኛው ቀን ፈታኙ ለውጭ አገር ሰው ክፉ ስለሆነ ነው አለ። በሦስተኛው ቀን ግን የልጅቱ ፊት በዐይኑ ላይ እየተመላለሰ አላስተኛ አለው። ማለዳ ተነሥቶ ቀድሞ በአሰብ መንገድ ተሳቢ ሲነዱ ወደ ኖሩ፣ አሁን ግን በዚያው በካባላጋላ አንዲት ትንሽ ሱቅ ይዘው ወደ ተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄደ።

«ስንት ዓመት ነድተሃል?» ብለው ጠየቁት።

«ስምንት ዓመት፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው የጣለህ ስምንቱ ዓመት ነዋ!»

«እንዴት ጋሼ? ልምድ ያሳልፋል እንጂ ይጥላል እንዴ?»

«ስትታጠፍ በየትኛው ስፖኪዮ አየህ?»

ሾፌሩ ጥቂት አሰበና፣ «በቀኙ» አለ። ይህን ካለ በኋላ ዝም አለ። ሽማግሌውም ዝም አሉ፤ ቡና አስቀዱለት።

የነገሩ ሁሉ ቁልፍ በዚህ መልስ ውስጥ ነበረ። በኢትዮጵያ ተሽከርካሪ የሚሄደው በመንገዱ ቀኝ ሲሆን፣ ሾፌሩ የሚቀመጠው በጋቢናው ግራ ነው። ስለዚህ ጠባቡ መታጠፊያ የቀኙ ነው፤ ከሾፌሩ ርቆ የማይታየው ጎንም የቀኝ ጎን ነው። በኡጋንዳ ይህ ሁሉ ይገለበጣል። ከ1894 እስከ 1962 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ሥር የቆየችው ይህች አገር፣ እንደ ኬንያና እንደ ታንዛንያ፣ በመንገድ ግራ የመሄድን ሥርዓት ወርሳለች። በዚያ ሾፌሩ የሚቀመጠው በቀኝ ነው፤ ጠባቡ መታጠፊያ የግራው ነው፤ የተሸሸገውም ጎን የግራ ጎን ነው። ረጅም መኪና ሲታጠፍ ደግሞ የኋላ ጎማዎቹ የፊተኞቹን ዱካ አይከተሉም፤ ወደ ውስጥ ቆርጠው ያልፋሉ። በዚያ ጠባብ ቦታ ላይ ሞተር ብስክሌት ወይም እግረኛ ቢገኝ ይጨፈለቃል። እንግዲህ ሾፌሩ በስፖኪዮ አላየም አይባልም። በሚገባ አይቷል፤ ነገር ግን ስምንት ዓመት እንዳስለመደው በቀኙ ነበር ያየው። ሰነፍ ሾፌር ቢሆን ኖሮ ጥፋቱን ለማረም ይቀል ነበር፤ ምክንያቱም ለሰነፍ ሰው «እይ» ማለት ይበቃል። ለእርሱ ግን ማየቱን ሳይተው የሚያይበትን አቅጣጫ መለወጥ ነበረበት።

እንዲህ ያለው ለውጥ በአንድ ሰው ብቻ የደረሰ አይደለም። ኢትዮጵያም ቀድሞ በመንገድ ግራ ይነዳባት ነበር፤ ወደ ቀኝ የተዛወረችው በ1956 ዓ.ም. ነው። ስዊድን ከግራ ወደ ቀኝ የተሻገረችው መስከረም 3 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በዚያች ሌሊት መኪናዎች ሁሉ ቆመው በመንገዱ ሌላ ወገን እንዲሰለፉ ተደርጓል። ዛሬም ከካምፓላ ተነሥቶ ሩዋንዳ የሚገባ ሾፌር ድንበሩ ላይ ሲደርስ ከግራ ወደ ቀኝ ይሻገራል፤ ሲመለስም እንደገና ወደ ግራ ይመጣል። ይሁን እንጂ ሁሉም ሰው አብሮ ሲለወጥ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል፤ ብቻውን የሚለወጥ ሰው ግን የሚጠብቀው ጓደኛ የለውም።

ሽማግሌው ለሳምንት ያህል መሪ እንዳይነካ ከለከሉት። «መጀመሪያ በእግርህ ተማር» አሉት። ሾፌሩ ምክሩ የልጅ ጨዋታ መሰለው፤ ቢሆንም ታዘዘ። በእግሩ መንገድ ሲያቋርጥ ወደ ግራ ሳይሆን አስቀድሞ ወደ ቀኝ ማየትን ተለማመደ። ከሙላጎ አደባባይ ዳር ቆሞ መኪናዎች ሲዞሩ ተመለከተ። በኢትዮጵያ አደባባይ የሚዞረው ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ ነው፤ በካምፓላ ግን እንደ ሰዓት ዘንግ ነው፤ ቅድሚያም የሚሰጠው ከቀኝ ለሚመጣው ነው። ከሁሉ ይልቅ አትኩሮ የተመለከተው ሞተር ብስክሌተኞቹን ነበር። በዚያ አገር «ቦዳ ቦዳ» ይባላሉ። ስሙ የመጣው፣ በቡሲያ ኬላ ሰውን በብስክሌት ከአንዱ ድንበር ወደ ሌላው ያደርሱ የነበሩ ሰዎች «ቦርደር ቦርደር» እያሉ ከመጥራታቸው ነው ይባላል። ቦዳ ቦዳ በግራም በቀኝም በመካከልም ያልፋል። የከባድ መኪና ሾፌር ግን በሕጉ መሠረት ሳይሆን በእርግጥ የሚያልፉበትን ቦታ ማወቅ አለበት። በኡጋንዳ በ2023 እ.ኤ.አ. በመንገድ አደጋ የሞቱት ሰዎች ከ4,800 በላይ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ መካከል እግረኞችና የሞተር ብስክሌት ተሳፋሪዎች እጅግ ብዙዎች ናቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ናካዋ አካባቢ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ግቢ፣ በቆመ መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ሥራውን ጀመረ። ሞተሩ አልተነሣም። ሾፌሩ ዐይኑን ጨፍኖ እጁን ወደ ማርሹ፣ ወደ ፍሬቻው፣ ወደ እጅ ፍሬኑ ይሰድዳል። የእግር መርገጫዎቹ ቅደም ተከተል በሁለቱም ዓይነት መኪና አንድ ነው፤ ፍሪሲዮኑ በግራ፣ ፍሬኑ በመካከል፣ ነዳጅ መስጫው በቀኝ ነው። የተለወጠው የእጅ ሥራ ነው። ማርሽ የሚቀየረው በግራ እጅ ሲሆን፣ በለመደው መኪና ወደ ራሱ ይቀርብ የነበረው አንደኛ ማርሽ አሁን ከእርሱ ርቆ ይገኛል። «ግራ ስፖኪዮ፣ ቀኝ ስፖኪዮ፣ እንደገና ግራ ስፖኪዮ» እያለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቆጥራል። የግቢው ጠባቂ በመጀመሪያ ሰውየው የሚጸልይ መስሎት ነበር። በኋላ ነገሩ ሲገባው እየሳቀ «ምፖላ ምፖላ፣ ሰቦ!» ይለው ጀመር። ይህም በሉጋንዳ ቋንቋ «ቀስ በቀስ፣ ጌታዬ» ማለት ነው።

ተሳቢን ወደ ኋላ መንዳት ሌላ ትምህርት ጠየቀ። ሽማግሌው ሁለት የክብሪት ሣጥኖችን በመርፌ ቁልፍ አያይዘው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና የፊተኛውን ሣጥን ወደ ኋላ እንዲገፋ አዘዙት። የፊተኛው ሣጥን ጀርባ ወደ ቀኝ ሲል፣ የኋለኛው ጅራት ወደ ግራ ሄደ። «እንግዲህ ተሳቢው ወደ ግራ እንዲሄድልህ ስትፈልግ መሪውን ወደ ቀኝ ነው የምትጀምረው» አሉት። «ከጀመረልህ በኋላ ግን ቶሎ መልሰህ ተከተለው። ካዘገየህ ሁለቱ እንደ ቢላዋና እንደ ሰገባው ይተጣጠፋሉ። ካልሆነልህ አቁም፤ ወደ ፊት ሳብና እንደገና ጀምር። ማቆም ነውር አይደለም።» ሾፌሩ የክብሪት ሣጥኖቹን ወደ ቤቱ ወሰዳቸው። ማታ ማታ ልጆቹ መንገድ ሠርተውለት፣ ጋራዥ ሠርተውለት፣ እርሱ ሲያስገባና ሲያስወጣ ያመሹ ነበር። ሚስቱ የመውደቁን ነገር ያወቀችውም በእነዚሁ ሣጥኖች ምክንያት ነው፤ የጠየቀችው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ «ሰው ጎድተሃል?»

ከመነሣት በፊት የሚደረገው ምርመራም አንድ ራሱን የቻለ ክፍል ነው። በከባድ መኪና ላይ ፍሬኑን የሚያሠራው የታመቀ አየር ነው። ሞተሩ የሚያንቀሳቅሰው መጭመቂያ አየሩን በጋን ውስጥ ያከማቻል፤ መጠኑም በብዙ ከባድ መኪናዎች ከ7 እስከ 8 ባር ገደማ ይደርሳል። ሾፌሩ ፍሬን ሲረግጥ አየሩ በቧንቧ ሄዶ ጎማዎቹን ያስይዛል። የእጅ ፍሬኑ አሠራር ግን ተቃራኒ ነው። እርሱን የሚያስይዘው ኃይለኛ ሞላ ሲሆን፣ አየሩ የሚሠራው ሞላውን ጨምቆ ጎማውን ለመልቀቅ ነው። ስለዚህ አየሩ ጨርሶ ቢያልቅ መኪናው ሳይፈታ ይያዛል። አየር ሲጠፋ ፍሬን እንዲይዝ የማድረግ ሐሳብ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ጆርጅ ዌስቲንግሃውስ በ1869 እ.ኤ.አ. የሠራው የመጀመሪያው የባቡር የአየር ፍሬን ቧንቧው ከተበጠሰ አይሠራም ነበር፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ግን ቧንቧው ሲበጠስ ባቡሩ ራሱ እንዲቆም አድርጎ አሻሽሎታል።

ሾፌሩ ይነዳው የነበረው አይሱዙ አነስተኛ ስለ ነበር፣ የአየር ፍሬንን ጠባይ ጠንቅቆ አያውቅም ነበር። በመጀመሪያው ፈተና ላይ መለኪያውን በዐይኑ ገረፍ አድርጎ ተነሥቷል። አሁን ግን አየሩ እስኪሞላ መጠበቅን፣ ሞተሩን አጥፍቶ ፍሬኑን ረግጦ በመያዝ መለኪያው መውረድ አለመውረዱን መመልከትን፣ በጆሮውም የሚያፈስ ቧንቧ እንዳለ ማዳመጥን ተማረ። ካምፓላ ኮረብታማ ከተማ ናት። ቁልቁለት ላይ ፍሬን አዘውትሮ መርገጥ ፍሬኑን አግሎ ኃይሉን ያሳጣዋል፤ ስለዚህ ከመውረድ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ ማስገባትና መኪናውን በሞተሩ መያዝ ያስፈልጋል። ይህን እንኳ ሾፌሩ ከአገሩ ይዞት መጥቷል። የአገሩ ልማድ ሁሉ መጥፎ አልነበረም፤ የትኛውን መተው፣ የትኛውን መያዝ እንዳለበት መለየቱ ነበር ከባዱ ሥራ።

የቀረው የቋንቋ ነገር ነበር። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው። ሾፌሩ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው «ፍሬቻ»፣ «ስፖኪዮ»፣ «ጋቢና»፣ «ፍሪሲዮን»፣ «ሞላ» እና «ባሌስትራ» የተባሉት ቃላት ሁሉ ከኢጣልያንኛ ወደ አማርኛ የገቡ ናቸው። ብዙዎቹ የገቡት በኢጣልያ ወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ ከኢጣልያ መኪናዎችና ጥገና ሠራተኞች ጋር ነው። ለምሳሌ «ፍሬቻ» በኢጣልያንኛ ቀስት ማለት ሲሆን፣ «ስፖኪዮ» ደግሞ መስታወት ማለት ነው። ሾፌሩ እነዚህን ቃላት የዓለም ሾፌሮች ሁሉ ቋንቋ አድርጎ ይገምታቸው ነበር። በካምፓላ ግን የሚሰማቸው አልተገኘም። ፈታኙ «ኢንዲኬተር» ሲለው ፍሬቻ መሆኑን፣ «ክላች» ሲለው ፍሪሲዮን መሆኑን ለመተርጎም አንድ ቅጽበት ይፈጅበት ነበር፤ መንገድ ላይ ደግሞ አንድ ቅጽበት ብዙ ነው። ታላቋ ልጁ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስለምትማር ቃላቱን በሁለት ዓምድ ጻፈችለት። ማታ ማታ እርሷ ትጠይቃለች፤ እርሱ ይመልሳል። ሲሳሳት፣ «አባዬ፣ ወድቀሃል!» ትለው ነበር። መጀመሪያ ቃሉ ያመው ነበር፤ በኋላ ግን ለመደውና ይስቅ ጀመር።

የዳግም ፈተናው ቀን ደረሰ። ሌሊቱን ዝናብ ጥሎ ስለ ነበር ቀዩ አፈር ጨቅይቷል። ሾፌሩ ከሰዓቱ አስቀድሞ ደርሶ ተራውን ጠበቀ። ስሙ ሲጠራ ቀደም ሲል እንዳደረገው በቀጥታ ወደ ጋቢናው አልወጣም፤ መኪናውን ዞረ። ጎማዎቹን፣ መብራቶቹን፣ ከሥር የሚንጠባጠብ ዘይት መኖሩን ተመለከተ። ጭቃ የነካውን የግራውን ስፖኪዮ በመሐረቡ ጠረገ። ከዚያ ወጥቶ ተቀመጠ፤ ሞተሩን አስነሣ፤ መለኪያው እስኪሞላም ጠበቀ። ፈታኙ ሰዓቱን አየ፤ ሾፌሩ ግን አልቸኮለም። አየሩ ሲሞላ ሞተሩን አጠፋ፤ ፍሬኑን ረግጦ አዳመጠ። የሚያፈስ ነገር አልሰማም። እንደገና አስነሥቶ ፍሬቻውን ሲያበራ መጥረጊያው አልተንቀሳቀሰም።

በመጀመሪያው መስቀለኛ መንገድ ላይ ወደ ግራ እንዲታጠፍ ታዘዘ። ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ፤ በግራው ስፖኪዮ አየ፤ በቀኙም አየ፤ እንደገና በግራው ሲያይ ሁለት ቦዳ ቦዳዎች ተከታትለው ሲመጡ ተመለከተና ቆመ። የመጀመሪያው አለፈ። ሁለተኛውም እጁን ለሰላምታ አንሥቶ አለፈ። ከዚያ በኋላ ብቻ መሪውን አዞረ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

ሀ. በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በጽሑፍ መልሱ።

1. ሽማግሌው «የጣለህ ስምንቱ ዓመት ነዋ!» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?
2. ሾፌሩ በስፖኪዮ እያየ ሞተር ብስክሌቱን ያላየው ስለ ምን ነው? መልሳችሁን በሥዕል አስደግፉ።
3. ሾፌሩ ከመውደቁ በኋላ በመጀመሪያው፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የተሰማው ስሜት እንዴት ይለያያል?
4. የእግር ፍሬንና የእጅ ፍሬን አሠራር በከባድ መኪና ላይ የሚለያዩት በምንድን ነው?
5. ሚስቱ ከሌሎች ጥያቄዎች ሁሉ «ሰው ጎድተሃል?» የሚለውን ያስቀደመችው ለምን ይመስላችኋል?

ለ. የሚከተሉትን ቃላትና ሐረጎች በምንባቡ ውስጥ ባላቸው አገባብ ከፈታችሁ በኋላ በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቧቸው።

አፈናጦ፣ ገረፍ አድርጎ፣ ጠንቅቆ፣ ሰገባ፣ የታመቀ፣ ቅጽበት

ሐ. በአካባቢያችሁ ወደሚገኝ ጋራዥ ወይም ጎሚስታ ሄዳችሁ ሠራተኞቹ የሚጠቀሙባቸውን ዐሥር የመኪና ክፍል ስሞች ጻፉ። ከእነዚህ መካከል ከውጭ ቋንቋ የገቡትን ለይታችሁ፣ በአማርኛ ቢተረጎሙ የተሻለ ይሆን እንደሆነና እንዳልሆነ በክፍል ውስጥ ተከራከሩ።